ከሩቅ የሚመራ እጅ

የቁም ጽሕፈት ደቀ መዝሙር ብርዕ አቀራረጹንና ብራና አሰማመሩን ከመምህሩ አፍ ከሚሰማው ይልቅ ከመምህሩ እጅ አይቶ እንደሚማረው ሁሉ፥ የላቦራቶሪ ሙያም በንባብ ብቻ የማይጨበጥ፥ በዓይንና በእጅ የሚወረስ ጥበብ ነው። ስለዚህ መምህሩ በአንድ ክፍለ ዓለም፥ ተማሪው በሌላው ሆነው፥ ይህን ሙያ በቪዲዮ ማስተላለፍ ይቻላል ሲባል የሚጠራጠር ሰው አይፈረድበትም።

ቃል ርቀትን መሻገሩ ከተመሰከረ ቆይቷል። ዶክተር ሳንጂቭ አሮራ በ2003 እ.ኤ.አ. በኒው ሜክሲኮ ዩኒቨርሲቲ የመሠረቱት ፕሮጀክት ኤኮ በየገጠሩ ያሉ ሐኪሞችን የሄፓታይተስ ሲን ሕክምና በቪዲዮ ጉባኤ አስተማረ፤ በ2011 እ.ኤ.አ. በታተመው ጥናትም ከ407 ሕሙማን መካከል በዩኒቨርሲቲው ክሊኒክ ከታከሙት 57.5 በመቶ፥ በገጠርና በእስር ቤት ከታከሙት ደግሞ 58.2 በመቶ ከቫይረሱ ነጽተው ተገኙ። መቀመጫው አዲስ አበባ የሆነው የአፍሪካ የላቦራቶሪ ሕክምና ማኅበርም በዚሁ ዘዴ የብዙ አገሮችን ባለሙያዎች ያወያያል። ይሁን እንጂ ይህ የቃልና የምክር ትምህርት ነው፤ እጅን ማሠልጠን ሌላ ነገር ነው።

ዴንማርካዊው ሊቅ ሐንስ ክርስቲያን ግራም በ1884 እ.ኤ.አ. የገለጸውን፥ ኋላም ሌሎች ያሻሻሉትን፥ ዛሬ በየላቦራቶሪው ግራም ስቴይን የሚባለውን ምርመራ እንመልከት። ናሙናው ስላይድ ላይ ተቀብቶ፥ ደርቆ፥ በነበልባል ላይ ካለፈ በኋላ ሐምራዊ ቀለም ይፈስበታል፥ አዮዲን ይከተላል፥ ቀጥሎ በአልኮል ይታጠባል፥ በመጨረሻም ቀይ ቀለም ይጨመርበታል። ጀማሪ የሚሳሳተው አልኮሉ ላይ ነው፤ እጥበቱ ቢያንስ ሁሉም ባክቴሪያ ሐምራዊ ሆኖ ይቀራል፥ በጥቂት ሴኮንድ ቢበዛ ደግሞ ሐምራዊውን ይዞ መቅረት የሚገባው ወገን ቀለሙን ለቅቆ ቀይ መስሎ ይታያል፥ ሐኪሙም በዚህ ተመርቶ የማይስማማ መድኃኒት ሊያዝ ይችላል። መጽሐፉ «የሚወርደው ጠብታ ሲጠራ አቁም» ይላል፤ ምን ያህል ሲጠራ እንደሆነ ግን የሚያውቀው የለመደ ዓይን ብቻ ነው። ካሜራው ከተማሪው ጠረጴዛ በላይ ቁልቁል ተተክሎ ሲያሳይ ግን፥ መምህሩ ጠብታውን እያየ «በቃ፥ ውኃ አፍስስ» ሊል ይችላል። ካሜራ ቀለምን በራሱ ፈቃድ ስለሚለውጥ፥ ከስላይዱ ሥር ነጭ ወረቀት ማንጠፍ ያስፈልጋል፤ ወረቀቱ ነጭ ሆኖ ካልታየው መምህሩ ፍርድ ባይሰጥ ይሻላል። ሁለተኛው ካሜራ በማይክሮስኮፑ መመልከቻ ላይ ይሁን፥ ሁለቱም አንድ ነገር ይዩ።

በዓይን የማይታየውም መላ አለው። ፒፔት የሚጫን አውራ ጣት ምን ያህል እንደከበደ ስክሪን አያሳይም፤ ነገር ግን 1000 ማይክሮሊትር ውኃ 1 ግራም ያህል ስለሚመዝን፥ ተማሪው ደጋግሞ ቀድቶ በሚዛን ሲያስቀምጠው፥ የእጁን መዛነፍ ቁጥሩ ለመምህሩ ይነግረዋል።

ሁለት ነገሮች ግን ከሩቅ አይሆኑም፦ የፈሰሰ ናሙና ማጽዳትና የተነሣ እሳት ማጥፋት። ስለዚህ ተላላፊ ናሙና ባለበት ሁሉ በስፍራው የሚቆም የሠለጠነ ሰው ሊኖር ግድ ነው፥ ይህ ካልተሟላ ትምህርቱ ይቅር።

የየሆስፒታሉ የላቦራቶሪ ኃላፊዎች ሆይ፥ ለሥልጠና አዳራሽ ትልቅ ስክሪን ለመግዛት ከመነሣታችሁ በፊት፥ ከሥራው ጠረጴዛ በላይ የሚቆም አንድ ካሜራና ማቆሚያ ግዙ፤ ቀለሙንና ስላይዱንም ሥልጠናው ከሚጀመርበት ቀን አስቀድማችሁ በእያንዳንዱ ተማሪ ፊት አኑሩ።