ከመግዛታችን በፊት እናወዳድር

ዛሬ ይዤላችሁ የቀረብኩት ስለ ደብተር አገዛዝ ነው። ብዙዎቻችን «ይሄ 45 ብር ነው፣ ያኛው 60፤ ስለዚህ 45ቱ ይሻላል» እንላለን። ግን ዋጋውን ብቻ ማየት አይበቃም። እኔ ዘንድሮ ለራሴና ለታናሽ ወንድሜ 12 ደብተር ስገዛ ያየኋቸውን 4 ነገሮች ላስረዳችሁ።

1ኛ. ሉኩን መቁጠር፦ የ45 ብሩ ደብተር ባለ 32 ሉክ ነው፤ የ60 ብሩ ባለ 50። ዋጋውን ለሉኩ ስናካፍለው በመጀመሪያው አንዱ ሉክ 1 ብር ከ40 ሳንቲም ገደማ፣ በሁለተኛው 1 ብር ከ20 ሳንቲም ይሆናል። ርካሽ የመሰለን ተወደደ ማለት ነው።

2ኛ. ወረቀቱን ማየት፦ ሌላ ሱቅ ባለ 50 ሉክ በ40 ብር አለ። ወደ ብርሃን አድርጌ ሳየው ግን ወረቀቱ ስስ ነው፣ ቀለም ወደ ጀርባው ያሳልፋል። እንደዚህ ያለ ደብተር ላይ የሚጻፈው በአንድ ጎን ብቻ ስለሆነ 50ው ሉክ እንደ 25 ይቆጠራል። 40ን ለ25 ስናካፍል 1 ብር ከ60 ሳንቲም! ከሁሉም ውዱ እሱ ሆነ።

3ኛ. ጅምላ መጠየቅ፦ የ60 ብሩ ደብተር አንድ በአንድ ሲገዛ 12ቱ 720 ብር ነው። ሰፈራችን ያለው ጅምላ ሻጭ ግን ደርዘኑን በ660 ብር ይሸጣል። 6 ብቻ የሚፈልግ ከጎረቤት ልጅ ጋር ገንዘብ አዋጥቶ ደርዘን ገዝቶ መካፈል ይችላል።

4ኛ. የመንገዱን ወጪ መደመር፦ መርካቶ ደርዘኑ 630 ብር ነው ተባልኩ። የታክሲ ደርሶ መልስ 40 ብር ሲጨመርበት 670 ይሆናል። ስለዚህ ከሰፈር ገዛሁ።

እናቴ እንጀራ ጋግራ ነው የምትሸጠው። 60 ብር ለእኛ ቤት ቀላል አይደለም። በተረፈው ለወንድሜ እርሳስ፣ መቅረጫና ላጲስ ተገዛለት።

መምህራኖቻችንን ደግሞ አንድ ነገር ልለምን። ለየትኛው ትምህርት ባለ ስንት ሉክ እንደሚበቃ መስከረም ላይ ቀድማችሁ ብትነግሩን ጥሩ ነው። 32 ለሚበቃው ትምህርት 50 ከገዛን፣ ዓመቱ ሲያልቅ ባዶ ሉክ ይተርፋል፤ እሱም ብር ነው።

ተማሪዎች ሆይ፣ ማካፈልን የተማርነው ለፈተና ብቻ አይደለም፤ ሱቅ ስንሄድም እንጠቀምበት!

ቸር ይግጠመን።