ፈጣን ዜግነትና የዕውቅናው ጥያቄ፦ የሁለተኛ አገር ምርጫ በሕግ ዓይን

ዜግነት በአብዛኛው የሚገኘው በትውልድ፣ በጋብቻ ወይም በአንድ አገር ለረጅም ጊዜ በመኖር ነው። ሴንት ኪትስና ኔቪስ ነፃነቷን በተቀዳጀች በዓመቱ፣ እ.ኤ.አ. በ1984፣ መዋዕለ ንዋይ ለሚያፈስ የውጭ ሰው ዜግነት የሚሰጥ ሕግ ካወጣች ወዲህ ግን ሌላ በር ተከፍቷል። ዶሚኒካ በ1993 ተከተለቻት፤ ሌሎች የካሪቢያን ደሴቶችም ቆየት ብለው ተቀላቀሉ። ሁለተኛ ዜግነት የሚሻ ሰው አስቀድሞ የሚያነሣው ጥያቄም «የትኛው አገር ቶሎ ይሰጣል?» የሚል ሆኗል። ጥያቄው ተገቢ ቢሆንም ጎዶሎ ነው። ፓስፖርቱ በእጅ የሚገባበት ፍጥነት አንድ ነገር ነው፤ ዜግነቱ በሌሎች መንግሥታት ፊት የሚኖረው ክብደት ሌላ ነው፤ የቀድሞው ዜግነት በዚያው ቀን ምን ይሆናል የሚለው ደግሞ ሦስተኛና ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ ጉዳይ ነው።

በፍጥነት ብቻ ከተመዘነ ቫኑዋቱን የሚቀድም አገር አይገኝም ማለት ይቻላል፤ የተወሰነውን ክፍያ የፈጸመ አመልካች በጥቂት ወራት ውስጥ ዜጋ ሊሆን ይችላል። ቱርክ እ.ኤ.አ. ከ2022 ወዲህ ቢያንስ 400,000 የአሜሪካ ዶላር የሚያወጣ የማይንቀሳቀስ ንብረት መግዛትን ትጠይቃለች። ከገንዘብ ይልቅ ኑሮን ከሚጠይቁት መካከል የአርጀንቲና የ1869 ሕግ የሁለት ዓመት ነዋሪነትን ያዛል፤ አሜሪካ በመደበኛው መንገድ ከቋሚ የመኖሪያ ፈቃድ በኋላ አምስት ዓመት ታስጠብቃለች።

የቫኑዋቱን ፓስፖርት በገንዘቡ የሚያገኝ ሰው ግን ዘወትር የሚያስበው በፖርት ቪላ ስለ መኖር አይደለም፤ ያለ ቪዛ ወደ ሌሎች አገሮች ስለ መግባት ነው። ይህን መብት የሚሰጡት ደግሞ ሌሎች መንግሥታት ናቸው። የአውሮፓ ኅብረት ለቫኑዋቱ ዜጎች ሰጥቶት የነበረውን ያለ ቪዛ የመግባት መብት እ.ኤ.አ. በ2022 በከፊል አገደ፣ በ2024 ጨርሶ አነሣው። ብሪታኒያም በ2023 በቫኑዋቱና በዶሚኒካ ዜጎች ላይ የቪዛ ግዴታ ጣለች። በሁለቱም ዘንድ የተጠቀሰው ምክንያት የዜግነት ሽያጩ ያስከተለው ሥጋት ነበር። አዲሶቹ ዜጎች ዜግነታቸውን አላጡም፤ የከፈሉበትን ጥቅም ግን አጡ። በደሴቶቹ ተወልደው ያደጉትም የዚሁ ዕዳ ተካፋይ መሆናቸው እምብዛም አይነሣም።

የዕውቅናው ጥያቄ በሕግ መድረክ ጎልቶ የወጣው በኖተቦም ጉዳይ ነው። ፍሪድሪክ ኖተቦም በሃምቡርግ የተወለደ ጀርመናዊ ሲሆን እ.ኤ.አ. ከ1905 ጀምሮ ኑሮውንና ንግዱን በጓቲማላ መሥርቶ ነበር። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፈነዳ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ፣ በኦክቶበር 1939፣ ለሊክተንስታይን አመለከተ። የሦስት ዓመት የነዋሪነት ቅድመ ሁኔታው ተነሥቶለት፣ የሚጠበቅበትንም ከፍሎ በዚያው ወር ዜጋ ሆነ። ጓቲማላ ግን በ1943 እንደ ጠላት አገር ዜጋ ይዛ ወደ አሜሪካ አሳልፋ ሰጠችው፤ ንብረቱንም ወረሰች። ሊክተንስታይን ስለ እርሱ ስትከስ ዓለም አቀፉ የፍትሕ ፍርድ ቤት ኤፕሪል 6 ቀን 1955 በ11 ለ3 ድምፅ ክሱን ሳይቀበለው ቀረ፤ በሰውየውና በአገሪቱ መካከል እውነተኛ ትስስር አልነበረምና። ፍርዱ ዜግነቱ በሊክተንስታይን ውስጥ ያለውን ዋጋ አልነካም፤ በጓቲማላ ላይ መከራከሪያ ሊሆን አይችልም አለ እንጂ።

ከዚህ ፍርድ ሰፊ መርሕ ማውጣት አያስኬድም። የተባበሩት መንግሥታት የዓለም አቀፍ ሕግ ኮሚሽን በ2006 ስለ ዲፕሎማሲያዊ ጥበቃ ባዘጋጃቸው ረቂቅ አንቀጾች የትስስርን መስፈርት እንደ ጠቅላላ ግዴታ አልተቀበለውም። ከመስፈርቱ ይልቅ ትኩረት የሚገባው የኖተቦም ዕጣ ነው፤ በጀርመን ሕግ መሠረት የውጭ ዜግነት በማግኘቱ የቀድሞ ዜግነቱን አጥቶ ነበር። አዲሱ አልተከበረለትም፤ አሮጌውም አልቀረለትም።

በአውሮፓ ኅብረት ውስጥ ውዝግቡ ሌላ መልክ ያዘ። ቆጵሮስ እ.ኤ.አ. በ2020 የባለሀብቶች ዜግነትን አቋረጠች፤ ቀድሞ ከሰጠችውም የበርካታዎቹን ሰረዘች። የኅብረቱ ፍርድ ቤት ኤፕሪል 29 ቀን 2025 በማልታ ላይ በሰጠው ፍርድ አስቀድሞ በተተመነ ክፍያ ዜግነት መስጠት ከኅብረቱ ሕግ ጋር እንደሚጋጭ ወሰነ።

ኢትዮጵያዊው አመልካች ከኖተቦም ጋር የሚገናኘው በመጀመሪያው ዜግነት ዕጣ ነው። የኢትዮጵያ ዜግነት አዋጅ ቁጥር 378/1996 በአንቀጽ 20 በፈቃዱ የሌላ አገር ዜግነት ያገኘን ኢትዮጵያዊ ኢትዮጵያዊነቱን በፈቃዱ እንደ ተወ ይቆጥረዋል። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 33 ማንም ያለ ፈቃዱ ዜግነቱን አይነጠቅም ቢልም፣ በአዋጁ አስተሳሰብ የውጭ ዜግነትን ፈልጎ ማግኘት ራሱ ፈቃድ ነው። ስለዚህ ለኢትዮጵያዊ «ሁለተኛ ዜግነት» የሚለው አነጋገር በሕግ ረገድ አያስኬድም፤ የሚገኘው ምትክ ዜግነት ነው። በአዋጅ ቁጥር 270/1994 የሚሰጠው የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ ያለ ቪዛ መግባትንና ያለ ሥራ ፈቃድ መሥራትን ቢያስችልም መምረጥንና መመረጥን አይጨምርም፤ ዜግነትም አይደለም።

የሁለት አገር ዜግነት የሚፈቅድ መንግሥት ተወላጅ ቆጵሮስ ዜግነቱን ብትሰርዝበት ወደ መጀመሪያው ይመለሳል። ኢትዮጵያዊው ግን ዜግነት አልባ የመሆን አደጋ ይገጥመዋል። ስለሆነም ለእርሱ የምርጫው ዋና መመዘኛ መሆን ያለበት የወራቱ ብዛት ሳይሆን፣ ሰጪው አገር ዜግነቱን በምን ምክንያት ሊሰርዝ እንደሚችልና በመሰረዝ ጊዜ ከዜግነት አልባነት የሚጠብቅ ድንጋጌ ያለው መሆኑ ነው። ወደ ኢትዮጵያ ዜግነት መመለስ በአዋጁ ይፈቀዳል፤ አመልካቹ ግን መደበኛ መኖሪያውን አስቀድሞ በኢትዮጵያ መመሥረት፣ የያዘውንም የውጭ ዜግነት መተው ይጠበቅበታል።