ፍሪጁ ውኃ ሲያፈስ፦ ውኃው መንገዱን የሳተው የት ነው?

ደኅና የሚሠራ ፍሪጅ ሁሉ በየቀኑ ውኃ ያወጣል። የማናየው በጀርባው በኩል ወርዶ፣ እዚያው ተኖ ስለሚጠፋ ነው። ወለሉ ላይ ውኃ የተገኘ ቀን እንግዲህ አዲስ ውኃ አልተፈጠረም፤ የየቀኑ ውኃ መሄጃ አጥቶ ነው የወጣው። መሄጃውን ያወቀ ሰው ብዙውን ጊዜ ጠጋኝ ሳይጠራ፣ በጨርቅና በሞቀ ውኃ ብቻ ይገላገላል። ያላወቀ ግን «ጋዙ አልቋል» ተብሎ ለማያስፈልገው ነገር ገንዘብ ሊከፍል ይችላል።

ውኃው ከየት ይመጣል?

በፍሪጁ ቱቦዎች ውስጥ የሚዞረው ጋዝ ነው፤ ውኃ የለበትም። ቱቦው ተበስቶ ጋዙ ቢያመልጥ እንኳ ወደ አየር ይበተናል እንጂ ወለል ላይ አይንጠባጠብም። ውኃው የሚገባው ከወጥ ቤቱ አየር ጋር ነው። ከፍሪጅ ወጥቶ ጠረጴዛ ላይ የቆመ የአምቦ ውኃ ጠርሙስ ወዲያው ላብ የሚያወጣው፣ በዙሪያው ያለው አየር ቀዝቃዛውን መስታወት ሲነካ የተሸከመውን እርጥበት ስለሚጥል ነው። የፍሪጁ የኋላ ግድግዳም ቀኑን ሙሉ የሚያደርገው ይህንኑ ነው።

በቁጥር እንየው። 25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሞቀ አንድ ሜትር ኩብ አየር ቢበዛ 23 ግራም ያህል ውኃ በተን መልክ ይሸከማል። ያው አየር ወደ 4 ዲግሪ ሲወርድ አቅሙ 6 ግራም ገደማ ብቻ ይሆናል፤ የተረፈው ጠብታ ይሆናል። 200 ሊትር የሚይዝ ፍሪጅ በመካከለኛ እርጥበት ውስጥ ተከፍቶ አየሩ ሙሉ በሙሉ ቢለወጥ የሚገባው ትርፍ ውኃ 1 ግራም አካባቢ ነው። በቀን 40 ጊዜ ቢከፈት 40 ግራም፣ ማለትም አንድ የቡና ሲኒ እንኳ የማይሞላ ነው። በክረምት፣ ልብስ አልደርቅ በሚልበት ሰሞን፣ ከዚህ ይጨምራል። በበጋው የጅዳ ወይም የጅቡቲ ሙቀትና ወበቅ፣ አየር ማቀዝቀዣ በሌለበት ወጥ ቤት፣ አራት እጥፍ ሊደርስ ይችላል።

ከበሩ የሚብሰው ግን ድስቱ ነው። እንፋሎቱ ያልበረደ፣ ክዳን የሌለው የወጥ ድስት ቀኑን ሙሉ በሩ ሲከፈትና ሲዘጋ ከሚገባው የበለጠ እርጥበት ብቻውን ሊለቅ ይችላል። ታጥቦ ሳይጠነፈፍ የገባ ጎመንና ሰላጣም የራሱን ይጨምራል።

ውኃው የሚሄድበት መንገድ

ሞተሩ ሲሠራ የኋላው ግድግዳ ከዜሮ በታች ይቀዘቅዛል፤ እርጥበቱም እዚያ ላይ በስሱ በረዶ ሆኖ ይጋገራል። ሞተሩ ሲያርፍ በረዶው ይቀልጥና ጠብታው ግድግዳውን ይዞ ይወርዳል። ከአትክልት መሳቢያው በላይ ወይም ከኋላው አንዲት ቀጭን አሸንዳ አለች። መሐሏ ላይ የጣት ጫፍ የማታስገባ ቀዳዳ ትገኛለች። ውኃው በዚያች ቀዳዳ ገብቶ፣ በቀጭን ቱቦ ከፍሪጁ ጀርባ ይወርድና ሞተሩ ራስ ላይ በተቀመጠ የፕላስቲክ ሳህን ውስጥ ይጠራቀማል። የሞተሩ ሙቀት ውኃውን ቀስ እያለ ያተነዋል።

ስለዚህ የኋላው ግድግዳ ላይ ጠብታ ማየት የጤንነት ምልክት ነው፤ አያስደነግጥም።

ኖ ፍሮስት የሚባሉት ፍሪጆች ሥራውን ከዓይን ሰውረው ይሠሩታል። በረዶው የሚጋገረው ከፍሪዘሩ ሽፋን ጀርባ ባለው ማቀዝቀዣ ላይ ነው። በተወሰኑ ሰዓታት ልዩነት ትንሽ ሂተር በርታ ታቀልጠዋለች፤ ውኃውም በራሱ ቀዳዳ ወደዚያው ሳህን ይወርዳል። አንድ በር ያላቸው የቆዩት ፍሪጆች ደግሞ በረዷቸውን በራሳቸው አያቀልጡም። በቴርሞስታቱ መሐል ያለችውን ቁልፍ መጫን ወይም ከሶኬት መንቀል ይፈልጋሉ፤ ውኃው ከፍሪዘሩ ሥር ባለው ትሪ ላይ ከተጠራቀመም በእጅ ይደፋል።

መጀመሪያ ቦታውን ይለዩ

ከመንካትዎ በፊት ፍሪጁን ከሶኬት ይንቀሉ፤ እርጥብ ወለል ላይ ቆሞ ኤሌክትሪክ መነካካት አደጋ ነው። ውስጡንና ወለሉን በደንብ ያድርቁ። ከአትክልት መሳቢያው ሥር፣ ከፍሪጁ ፊት ለፊትና ከኋላው ደረቅ ጋዜጣ ያንጥፉና መልሰው ይሰኩት። በማግስቱ መጀመሪያ የረጠበው ጋዜጣ ብልሽቱ የት እንዳለ ይነግርዎታል።

ውኃው ከአትክልት መሳቢያው ሥር ከሆነ

ቀዳዳዋ ተደፍናለች። ከሁሉም የሚበዛው ይህ ነው። መሳቢያውን አውጥተው በእጅ ባትሪ ሲያዩዋት አፏ ላይ የደረቀ የጎመን ቁራጭ፣ የሽንኩርት ልጣጭ፣ አንዳንዴም ከሥጋው ጋር የገባ የጥብስ ቅጠል ያገኛሉ። ከሥሩ ደግሞ ቅባት የጠጣ፣ የሚያዳልጥ ጥቁር ዝቃጭ አለ። የላዩን በጣት ወይም በጥጥ ያንሱ። ከፋርማሲ የሚገዛ መርፌ የሌለው 20 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ በለብታ ውኃ ይሙሉና ጫፉን ቀዳዳዋ ላይ አስጠግተው ቀስ ብለው ይግፉት፤ ይደጋግሙት። ውኃው እየተመለሰ ከሞላ የመጠጫ ስትሮ ወይም ሌላ ለስላሳ ፕላስቲክ አስገብተው እያዞሩ ያንቀሳቅሱ። ሽቦ አይጠቀሙ፤ ቱቦውን ይበሳዋል። የፈላ ውኃም ፕላስቲኩን ሊያጣምመው ይችላል።

መከፈቷን ማረጋገጫው ቀላል ነው። ግማሽ ሲኒ የቀዘቀዘ ሻይ፣ ስኳር ያልገባበት፣ በቀዳዳዋ ያፍስሱ። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ከኋላ ባለው ሳህን ውስጥ ሻይ የመሰለ ውኃ ካዩ መንገዱ ንጹሕ ነው። ሳህኑ ደርቆ ሻዩ ወለሉ ላይ ከታየ ቱቦው ከቦታው ወጥቷል ወይም ተሰንጥቋል።

ቀዳዳዋ ንጹሕ ሆና መደርደሪያው ግን የሚረጥብ ከሆነ አቀማመጡን ይዩ። የኋላውን ግድግዳ የነካ ፌስታል ወይም ጀሪካን የሚወርደውን ጠብታ ይቀበልና ወደ መደርደሪያው ይመራዋል። ሁለት ጣት ያህል ክፍተት ሲተዉለት ጉዳዩ ያበቃል። በበዓል ሰሞን፣ ፍሪጁ ዶሮውንም ሥጋውንም መጠጡንም እስከ ግድግዳው ታጭቆ ሲይዝ፣ ብዙ ቤት «ተበላሸ» የሚባለው በዚህ ምክንያት ነው።

ውኃው ከኋላ ወለል ላይ ከሆነ

ሳህኑን ይመርምሩ። ፍሪጁ ከቤት ቤት ሲጓጓዝ ወይም ለጽዳት ሲገፋ ሳህኑ ከቦታው ይንሸራተታል፤ ከዕድሜ ብዛትም ይሰነጠቃል። ፍሪጁን ነቅለው ሞተሩ እስኪበርድ ይጠብቁ፤ ሲሠራ የቆየ ሞተር ያቃጥላል። ሳህኑ የሚወጣ ከሆነ አውጥተው በሳሙና ይጠቡት። የማይወጣ ከሆነ ባለበት በጨርቅ ይጥረጉት። ከፍሪጁ ጀርባ የሚመጣ የሻገተ ሽታም ብዙ ጊዜ ከዚህ ሳህን ነው። ስንጥቁ ትንሽ ከሆነ ውኃ የማይበግረው ማጣበቂያ ያገለግላል፤ ትልቅ ከሆነ መለወጥ ይሻላል።

ውኃው ከፊት ለፊት ከሆነ

አቋቋሙን ይዩ። የፊት እግሮቹ ከኋላዎቹ በጥቂቱ ከፍ ማለት አለባቸው፤ በሩ በራሱ እንዲመለስ፣ ውኃውም ወደ ቀዳዳዋ እንዲያዘነብል። ወደ ፊት ያጋደለ ፍሪጅ ውኃውን በበሩ በኩል ይለቀዋል። እግሮቹ በመዞር ከፍና ዝቅ ይላሉ።

ቀጥሎ የበሩ ጎማ ነው። የ10 ብር ኖት በበሩና በጎማው መካከል አድርገው ይዝጉና ይሳቡት። ያለምንም ትግል ከወጣ በዚያ ቦታ አየር ይገባል፤ ዙሪያውን በየቦታው ይሞክሩት። ብዙ ጊዜ ጎማው አላረጀም፤ በሽሮና በቅቤ ፍንጣቂ ስለተለወሰ ነው የማይገጥመው። በለብታ ውኃና በሳሙና ሽክሽኩን ሳይቀር አጥበው ያድርቁት። የተጨማደደውን ክፍል በሙቅ ውኃ የተነከረ ጨርቅ ለጥቂት ጊዜ ቢይዙበት ይለሰልሳል። ከተቀደደ ግን ይለወጥ።

ኖ ፍሮስት ላይ በፍሪዘሩ ወለል በረዶ ከተጋገረ ወይም ከፍሪዘሩ ውኃ ከተንጠባጠበ ቀዳዳው ከሽፋኑ ጀርባ በበረዶ ተደፍኗል ማለት ነው። ምግቡን ወደ ጎረቤት ወይም በበረዶ ወደተሞላ ማቀዝቀዣ ሳጥን ያዛውሩ፤ ፍሪጁን ነቅለው በሮቹን ከፍተው ለ24 ሰዓት ያቆዩት፣ ፎጣም ከሥር ያንጥፉ። ከዚያ በኋላ ችግሩ ካልተመለሰ ጨርሰዋል። በአንድ ሁለት ሳምንት ከተመለሰ ሂተሩ ወይም ሴንሰሩ ስለሚሆን የባለሙያ ሥራ ነው። በረዶውን በቢላ ለመፈንቀል እንዳይሞክሩ። የማቀዝቀዣው ግድግዳ ስስ አልሙኒየም ነው፤ አንዴ ከተበሳ ጋዙ ያመልጣል። በብዙ አዳዲስ ፍሪጆች ውስጥ ያለው አር 600ኤ የተባለው ጋዝ ደግሞ ተቀጣጣይ ነው።

አሜሪካ ላሉ አንባቢዎች አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። በረዶ የሚሠራ ወይም የመጠጥ ውኃ የሚቀዳ ፍሪጅ ከቤቱ የውኃ መስመር ጋር በቀጭን ቱቦ ይያያዛል። የዚያን ቧንቧ ዘግተው መፍሰሱ ከቆመ ችግሩ ቱቦው፣ ማያያዣው ወይም ማጣሪያው ላይ ነው።

መብራት ሲጠፋ

መብራት ሄዶ ሲቆይ በፍሪዘሩ የተጋገረው በረዶ ይቀልጥና ቀዳዳዋ ልትቀበለው ከምትችለው በላይ ይመጣል። ይህ ብልሽት አይደለም፤ መድኃኒቱም በረዶው ግማሽ ሴንቲሜትር ሳይሞላ ማቅለጥ ነው። መብራቱ በሌለበት ሰዓት ፍሪጁን ከሶኬት ይንቀሉ፤ በሩንም አይክፈቱ። በሩ ካልተከፈተ ፍሪጁ ምግቡን ለ4 ሰዓት ያህል ይጠብቃል፤ ጢም ብሎ የሞላ ፍሪዘር እስከ 48 ሰዓት፣ ግማሽ የሞላው እስከ 24 ሰዓት ቅዝቃዜውን ይይዛል። መብራቱ እንደመጣ ወዲያው አይሰኩት፤ አምስት ደቂቃ ይስጡት። ሞተሩ ግፊቱ ሳይረጋጋ ቢነሣ ይጎዳል።

ጠጋኝ መቼ ይጠራ?

እስካሁን ያየነውን ሁሉ ሞክረው መፍሰሱ ካልቆመ፣ ሂተር ወይም ሴንሰር ከተጠረጠረ፣ ቱቦው በፍሪጁ ግድግዳ ውስጥ ከተሰነጠቀ ባለሙያ ይጥሩ። ሲመጣም ውኃው መጀመሪያ የታየው የት እንደሆነና ሻዩ ሳህኑ ጋ መድረስ አለመድረሱን ይንገሩት፤ የግማሽ ቀን ፍለጋ ያሳጥርለታል።

ጋዝን በተመለከተ አንድ ነገር ይያዙ። የፍሪጅ ጋዝ እንደ ቤንዚን አያልቅም፤ ቱቦው እስካልተበሳ ድረስ ፍሪጁ ባለበት ዘመን ሁሉ ይበቃዋል። ጋዝ የጎደለው ፍሪጅ የሚታወቀው ሞተሩ ያለ ዕረፍት እየሠራ ምግቡ አልቀዘቅዝ ሲል፣ ፍሪዘሩም በአንድ ጥግ ብቻ በረዶ ሲይዝ ነው። ፍሪዘርዎ ሥጋውን ድንጋይ አድርጎ እያሳደረው ከሆነ ጋዙ ሙሉ ነው። በዚህ ሁኔታ ውኃ ስላፈሰሰ ብቻ «ጋዝ ይሞላ» የሚልዎትን ሰው አመስግነው ይሸኙት፤ በየሦስት ወሩም ያቺን ቀዳዳ በለብታ ውኃ ያጥቧት።