የእንግሊዝኛን ቃል ከስሩ መያዝ

ከይርጋጨፌ በሚወጣ አንዳንድ የቡና ማሸጊያ ላይ «አኔሮቢክ» የሚል ቃል ይነበባል። ቀዩ እሸት አየር በማይገባበት በርሜል ታሽጎ እንዲብላላ የሚደረግበት አዘገጃጀት ነው። የቃሉ ክፍሎች ከግሪክኛ የመጡ ናቸው፤ «አን» አለመኖርን፣ «ኤሮ» አየርን፣ «ባዮ» ሕይወትን ያመለክታሉ። ሦስቱን ለይቶ ያወቀ ተማሪ ባዮሎጂ፣ ኤሮዳይናሚክስ ወይም አንቲባዮቲክ ሲገጥመው ከዜሮ አይጀምርም።

ዘዴው አዲስ አይደለም። ኖርማን ሉዊስ እ.ኤ.አ. በ1949 ያሳተመው «ወርድ ፓወር ሜድ ኢዚ» ዛሬም የሚነበበው ቃላትን በስርወ ቃል እያዛመደ ስለሚያስተምር ነው። ይርጋጨፌ ለምትገኝበት ለጌዴኦ ልጅ ግን ነገሩ ከዕውቀት ጌጥነት ያልፋል። ጌዴኡፋ እየተናገረ ያድጋል፤ አማርኛ ይማራል። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ደግሞ የሁለተኛ ደረጃና የከፍተኛ ትምህርት ቋንቋ እንግሊዝኛ እንዲሆን ደነገገ። ስለዚህ ተማሪው ፊዚክሱንም ኬሚስትሪውንም የሚያገኘው በሦስተኛ ቋንቋው ነው፤ የእነዚህ ትምህርቶች ስያሜዎች ደግሞ በብዛት የግሪክና የላቲን ናቸው።

እዚህ ላይ ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ይመስለኛል። ማይክል ዌስት እ.ኤ.አ. በ1953 ያሰባሰባቸው 2,000 ገደማ የዕለት ተዕለት ቃላት አብዛኞቹ በስር ትንተና አይያዙም፤ በማንበብ፣ በመስማትና በመናገር እንጂ። አቬሪል ኮክስሄድ እ.ኤ.አ. በ2000 ያዘጋጀችው የአካዳሚክ ቃላት ዝርዝር ግን 570 የቃል ቤተሰቦች አሉት፤ አብዛኞቹም ከላቲንና ከግሪክ የመጡ ናቸው። ስርወ ቃል ጉልበቱን የሚያሳየው በዚህ ደረጃ ነው። ለ12ኛ ክፍል የአፕቲትዩድ ፈተና ተብሎ ብርቅ ቃላትን በአማርኛ ፍቺያቸው ብቻ መሸምደድ ግን የተማሪን ጊዜ ይበላል። ቃሉ በሚነበብ ጽሑፍ ውስጥ ተመልሶ ካልመጣ ከፈተናው ማግስት ይረሳል።

አማርኛ የሚያውቅ ልጅ ለዚህ ሥራ ባዳ አይደለም። ጻፈ፣ ጽሑፍ፣ ጸሐፊ፣ መጽሐፍ አንድ ስር እንዳላቸው ያውቃል። እንግሊዝኛ በአብዛኛው ስሩን ሳይነካ ከፊትና ከኋላ ይቀጥልበታል፤ ባዕድ መነሻና ባዕድ መድረሻ የተማረ ልጅ ይህን ቶሎ ይይዘዋል። አንዳንዱ ስርም በአፉ ላይ አለ። ፎቶ ሲነሳ የኖረ ሰው በ«ፎቶሲንተሲስ» ውስጥ ብርሃን፣ «ሲን» ላይ አንድነት፣ «ቴሲስ» ላይ ማኖር እንዳለ ሲነገረው ቅጠሉ በብርሃን ምግብ ማዘጋጀቱን ከስሙ ማስታወስ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2023 በዩኔስኮ የተመዘገበው የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር ሲገለጽ የሚጠራው «አግሮፎረስትሪ» ደግሞ እርሻና ደን ነው፤ ልጁ ከቤቱ ጓሮ፣ ከእንሰቱና ከቡናው ጥላ ዛፍ ያውቀዋል።

ስር ግን ያሳስታል፤ ይህን ያልነገረ መምህር ተማሪውን ለአደጋ ይሰጠዋል። «ኢንቪዚብል» ላይ «ኢን» አፍራሽ ነው፣ የማይታይ ማለት ነው። በነዳጅ በርሜል ላይ የሚጻፈው «ኢንፍሌመብል» ግን የማይቀጣጠል ሳይሆን በቀላሉ የሚቀጣጠል ማለት ነው። ግምቱ ሁልጊዜ በዓረፍተ ነገሩ ከዚያም በመዝገበ ቃላት መፈተሽ አለበት።

ሥራውን ለእንግሊዝኛ መምህሩ ብቻ መተውም አይበቃም። ስሮቹ በብዛት የሚገኙት በባዮሎጂና በኬሚስትሪ መጻሕፍት ነው። በ1988 ዓ.ም. በመምህራን ኮሌጅነት የተጀመረው የዛሬው ዲላ ዩኒቨርሲቲ የሚያሠለጥናቸው የሳይንስ መምህራን ምዕራፉን ሲጀምሩ «ሃይድሮ» ውሃ፣ «ሊሲስ» መፍታት መሆኑን ሰሌዳ ላይ ቢጽፉ፣ «ሃይድሮሊሲስ» ገና ከመብራራቱ በፊት ግማሹ ይገባል።