የሞተር መጋዝና 0.2 ሰከንድ፦ ቅልጥፍና ለምን አያድንም?

ማንበባችሁን ከመቀጠላችሁ በፊት እስኪ አንድ ትንሽ ሙከራ እንሥራ። 30 ሳንቲ ሜትር ማስመሪያ ፈልጉ። ጓደኛችሁ የላይኛውን ጫፍ ይዞ ያንጠልጥለው፤ እናንተ አውራ ጣታችሁንና ሌባ ጣታችሁን ከፍታችሁ ዜሮው ጋ ጠብቁ። ጓደኛችሁ ሳይነግራችሁ ድንገት ይልቀቀው። ስንት ላይ ያዛችሁት? 20 ሳንቲ ሜትር አካባቢ ከሆነ አትፈሩ፣ ደህና ናችሁ። ማስመሪያው ያንን ያህል ለመውደቅ 0.2 ሰከንድ ገደማ ይፈጅበታል። ዓይናችሁ አይቶ፣ አእምሯችሁ ወስኖ፣ ጣታችሁ እስኪታዘዝ ያለፈው ጊዜ ማለት ነው። ያውም እየጠበቃችሁት!

ይህችን 0.2 ሰከንድ ያዙልኝ፣ እንመለስባታለን።

አጎቴ ግራ ጭኑ ላይ፣ ከጉልበቱ ትንሽ ከፍ ብሎ፣ መዳፍ የሚያህል ጠባሳ አለው። በሞተር መጋዝ፣ ብዙ ሰው ቼይንሶው በሚለው ማሽን፣ ባሕር ዛፍ ሲቆርጥ ያገኘው ነው። "እንዴት ሆነ?" ስለው መልሱ ሁሌም አንድ ነው፦ "እኔ እንጃ ልጄ፣ ዝቅ ብዬ ሳይ ደሜ እየፈሰሰ ነበር።" ልጅ ሳለሁ ጥያቄዬን የሚሸሽ ይመስለኝ ነበር። ምህንድስና ከተማርኩ በኋላ ግን እውነቱን እየነገረኝ እንደነበር ገባኝ። አጎቴ ለማየት ጊዜ አልነበረውም።

በአንድ ሰከንድ ስንት ጥርስ?

የሞተር መጋዝ አሠራሩ ቀላል ነው። አንድ ትንሽ ሞተር፣ ባር የሚባል ረጅም ጠፍጣፋ ብረት፣ በባሩ ዙሪያ የሚሽከረከር ባለ ጥርስ ሰንሰለት፤ በቃ። ሰንሰለቱ በሙሉ ኃይል ሲዞር በሰከንድ 20 ሜትር ገደማ ይጓዛል። በሰዓት 72 ኪሎ ሜትር መሆኑ ነው፤ ከከተማ ታክሲ ይበልጣል።

እስኪ እናስላው። በብዙ ሰንሰለቶች ላይ አንዱ ጥርስ ከሌላው የሚርቀው 4 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። 20 ሜትርን ለ4 ሳንቲ ሜትር ስናካፍል 500 እናገኛለን። ስለዚህ አንድ ቦታ ላይ በአንድ ሰከንድ ውስጥ 500 ጥርስ ያልፋል። በእኛዋ 0.2 ሰከንድስ? 100 ጥርስ። "ወይኔ!" ብላችሁ እጃችሁን እስክትሰበስቡ ድረስ 100 ጥርስ ሥራውን ጨርሷል።

አንድ የሚገርም ነገር ልጨምር። ባለ ሰንሰለት መጋዝ መጀመሪያ የተሠራው ለዛፍ አይደለም። በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጆን ኤይትከንና ጄምስ ጄፍሬይ የተባሉ የስኮትላንድ ሐኪሞች በእጅ የሚጎተት ትንሽ ሰንሰለት የተጠቀሙት አጥንት ለመቁረጥ ነበር። መጋዙ ድሮም ቢሆን አጥንትና እንጨት አይለይም።

መጋዙ ለምን ወደ ሰው ይስፈነጠራል?

ከአደጋዎቹ ሁሉ አስፈሪው ወደ ኋላ መስፈንጠር ነው። እሱን ለመረዳት ከፊዚክስ ክፍለ ጊዜ የምታውቁት የኒውተን ሦስተኛ ሕግ ይበቃል፤ ለእያንዳንዱ ድርጊት እኩልና ተቃራኒ ምላሽ አለው። ጣና ላይ ታንኳ የሚቀዝፍ ሰው ውኃውን ወደ ኋላ ይገፋል፣ ታንኳው ወደ ፊት ይሄዳል። መጋዙም እንደዚያው ነው።

ሰንሰለቱ በባሩ የላይኛው ጠርዝ ከሠራተኛው እየራቀ ይሄዳል፤ ጫፉ ላይ ወደ ታች ይታጠፋል፤ በታችኛው ጠርዝ ደግሞ ወደ ሠራተኛው ይመለሳል። አሁን የባሩ ጫፍ የላይኛው ክፍል ሳይታሰብ ሌላ ግንድ ወይም ቅርንጫፍ ነካ እንበል። እዚያ ቦታ ጥርሶቹ ወደ ፊትና ወደ ታች ነው የሚሄዱት። እንጨቱ ሲይዛቸው ምላሹ ተቃራኒ ይሆናል፤ ባሩን ወደ ላይና ወደ ኋላ ይወረውረዋል። ወደ ኋላ ማለት ወደ ሠራተኛው ፊት፣ አንገትና ትከሻ ነው። ይህ ሁሉ የሚሆነው የሰው እጅ ምላሽ ከመስጠቱ በፊት ነው።

ታዲያ የአጎቴ ጉዳት ለምን ግራ እግሩ ላይ ሆነ? መጋዙ ሲሠራ ቀኝ እጅ የኋላውን መያዣና የነዳጅ መስጫውን፣ ግራ እጅ የፊቱን መያዣ እንዲይዙ ታስቦ ነው። ግንዱ ተቆርጦ ሲያልቅ የሚገፋው ነገር በድንገት ይጠፋል። ሰንሰለቱ ገና እየዞረ ነው፣ ክንድም ደክሟል፤ መጋዙ በራሱ ክብደት ወደ ታች ይወርዳል። እዚያ የሚጠብቀው ደግሞ ወደ ፊት የቆመው ግራ እግር ነው።

ነገሩ የአጎቴ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ2009 እስከ 2013 በአሜሪካ በሞተር መጋዝ ተጎድተው ወደ ድንገተኛ ክፍል የሄዱ ሰዎች 116 ሺህ ገደማ እንደሚሆኑ ተገምቷል። በብዛት የተጎዱት እጅ፣ ጣትና ጉልበት ነበሩ።

ቀድሞ የተሠራ መፍትሔ

እንግዲህ ሰው በ0.2 ሰከንድ ራሱን ማዳን ካልቻለ መሐንዲስ ምን ያደርጋል? "ተጠንቀቅ" ብሎ አይተወውም። መፍትሔውን አደጋው ከመድረሱ በፊት ይሠራዋል።

አንደኛው የሰንሰለት ፍሬን ነው። ከግራ እጅ ፊት ለፊት የቆመ መከላከያ አለ። ታክሲ ድንገት ሲነሳ ሰውነታችሁ ወደ ኋላ አይቀርም? መጋዙ በድንገት ሲስፈነጠርም መከላከያው እንዲሁ ወደ ኋላ ይቀራል፤ ወይም የሠራተኛው እጅ ይገፋዋል። ያኔ የታመቀ ስፕሪንግ ይለቀቅና አንድ የብረት ቀበቶ ሰንሰለቱን የሚነዳውን ከበሮ አንቆ ያቆመዋል። ደረጃውን የጠበቀ ፍሬን ይህን ለመጨረስ የሚፈቀድለት ቢበዛ 0.15 ሰከንድ ነው። ከእኛ 0.2 ጋር አወዳድሩት። ግን አትሳሳቱ፣ ፍሬኑ የሚያቆመው ሰንሰለቱን እንጂ የመጋዙን መወርወር አይደለም። ለዚህ ነው ባለሙያ ሁለቱንም መያዣ አውራ ጣቱን አዙሮ የሚጨብጠው፣ ከባሩ መስመር ወደ ጎን ፈቀቅ ብሎ የሚቆመው፣ ከትከሻው በላይ የማይቆርጠው።

ሁለተኛው ሱሪ ነው። አዎ፣ ሱሪ! ብስክሌት ስትነዱ ሱሪያችሁ ሰንሰለት ውስጥ ገብቶ ያውቃል? ፔዳሉ ቀጥ ይላል አይደል? የመጋዝ ሠራተኞች መከላከያ ሱሪም ሥራው ይኸው ነው። ውስጡ በረጃጅም ልቅ ክሮች ተሞልቷል። ሰንሰለቱ የላዩን ጨርቅ ሲቀድ ክሮቹን መዞ ያወጣል፤ ክሮቹም ሰንሰለቱን በሚያዞረው ባለ ጥርስ ብረት ላይ ተጠምጥመው ያስቆሙታል። ሱሪው ብረት አይደለም፣ መጋዙን የሚያሸንፈው በማነቅ ነው። አንዴ ከተቆረጠ ግን አገልግሎቱ ያበቃል፤ ሰፍቶ መልበስ ራስን ማታለል ነው።

ዛፉም ኃይል አለው

አደጋው ከመጋዙ ብቻ አይመጣም። በምኒልክ ዘመን፣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ወደ ሀገራችን የገባው ባሕር ዛፍ ቀጥ ብሎ ቶሎ የሚያድግ ነው። ግንዱ ግን በውስጡ ኃይል ያጠራቅማል፤ ውጫዊው እንጨት በቁመቱ ይወጠራል፣ መሐሉ ይታመቃል። በተለይ ያዘነበለ ዛፍ በስህተት ሲቆረጥ ግማሹ ላይ ሳይደርስ ቁመቱን ተሰንጥቆ ወደ ኋላ ሊመታ ይችላል።

ስለዚህ ባለሙያ ዛፍን ዝም ብሎ አይቆርጥም፣ ማጠፊያ ይሠራለታል። መጀመሪያ ዛፉ በሚወድቅበት አቅጣጫ አፍ የመሰለ ቁራጭ ያወጣል። ከዚያ ከጀርባ ይቆርጣል፤ ግን አይጨርሰውም። የግንዱን ስፋት አንድ አሥረኛ ያህል ይተዋል፤ 40 ሳንቲ ሜትር ግንድ ከሆነ 4 ሳንቲ ሜትር። ያቺ የተረፈች እንጨት እንደ በር ማጠፊያ ሆና ዛፉን እየመራች ታወርደዋለች። የማምለጫው መንገድም ሞተሩ ሳይነሳ ይጠረጋል፣ ከውድቀቱ አቅጣጫ በተቃራኒ፣ ወደ ጎን ሰያፍ ሆኖ። ተመልካች ደግሞ ቢያንስ የዛፉን ቁመት ሁለት እጥፍ ይርቃል። ዛፉ 20 ሜትር ከሆነ እናንተ 40 ሜትር ላይ ናችሁ።

ሰው ከተጎዳ ቁስሉን በንጹሕ ጨርቅ አጥብቃችሁ ተጫኑት፤ እርዳታ እስኪደርስም እየከፈታችሁ አትዩት።

ባለፈው ክረምት ለአጎቴ የማስመሪያውን ሙከራ አሠራሁት። 19 ሳንቲ ሜትር ላይ ያዘው። "ለሽማግሌ መጥፎ አይደለም!" ብሎ ሳቀ። እውነቱን ነው፤ እንደ አብዛኛው ወጣት ፈጣን ነው። ያን ቀንም ፈጣን ነበር። የጎደለው ቅልጥፍና ሳይሆን አንድ ሱሪ ነበር።