ጨንቻ ላይ የሞተው ባትሪ የታመመው ሲቀላ ነው

አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ላይ በአንድ ቁልፍ የሚነሳ አሮጌ ኮሮላ ለመስቀል ጨንቻ ይወጣል። ያድራል። ጠዋት ቁልፉ ሲዞር «ቀጭ» ብሎ ዝም። ሊገፋ የተሰበሰበው ሰው ፍርዱን አያዘገይም፦ «ብርዱ ነው የገደለው!»

ብርዱ አጋለጠው እንጂ አልገደለውም። ሲቀላ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,200 ሜትር፣ ጨንቻ ወደ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ናቸው፤ በመካከላቸው ያለው መንገድ ግን 40 ኪሎ ሜትር እንኳ አይሞላም። ባትሪን ቀስ በቀስ የሚበላው የቆላው ሙቀት ነው። ሙቀት በውስጡ ያለውን የእርሳስ ፍርግርግ ያስበላል፣ ውሃውን ያተናል። በተለመደው ግምት የባትሪው ሙቀት በ10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በጨመረ ቁጥር ዕድሜው በግማሽ ያህል ያጥራል። ቆላ ላይ ሞተሩ ሲነሳ ብዙ ጉልበት ስለማይጠይቅ የደከመ ባትሪም ይበቃዋል። ደጋ ላይ ዘይቱ ሲወፍርና ባትሪው ራሱ ሲቀዘቅዝ ጉዱ ይወጣል።

ውሃው ሲጎድልስ? «ይህን የመሰለ ምንጭ እያለ የምን የተጣራ ውሃ መግዛት» የሚል አለ። የአርባ ምንጭን ውሃ ጠጡት፤ ባትሪ ውስጥ ግን አትጨምሩት። ከድንጋዩ ይዞት የሚመጣው ማዕድን ሰውን ባይጎዳም ባትሪውን ይጎዳል። አሲድ መጨመርም መፍትሔ አይደለም። የሚተነው ውሃው ብቻ ነው፤ አሲዱ እዚያው አለ።

ይህ ሁሉ ግን ቀላሉ ክፍል ነው። አሮጌ መኪና ባለቤቱን የሚያሳብደው ፍሬን ሲረገጥ ፍሬቻው ፈዘዝ ብሎ ሲበራ፣ ፍሬቻ ሲሰጥ የኋላው መብራት አብሮ ሲጠቅስ ነው። «ገመዱ ተደባልቋል፣ ሙሉውን መቀየር ነው» ይባላል። አንዳንዱ ደግሞ ጎረቤቱን ይጠረጥራል።

ብዙ ጊዜ ገመዱ አልተደባለቀም፤ የመመለሻው መንገድ ነው የተዘጋው። ከባትሪው የወጣ ኤሌክትሪክ አምፖሉን አብርቶ ወደ ኔጌቲቩ መመለስ አለበት፤ የሚመለሰውም በመኪናው ቦዲ በኩል ነው። መካኒኮች ማሳ የሚሉት ይኸው ነው። የኋላው መብራት ከቦዲው ጋር የሚገናኝባት ብሎን ስትዝግ ወይም ከሥሯ ቀለም ሲገባ ኤሌክትሪኩ ሌላ መንገድ ይፈልጋል፦ በፍሬቻው አምፖል ውስጥ አልፎ ይመለሳል። አልፎ ሲሄድ ያበራዋል። ያ ብቻ ነው ምሥጢሩ። የሞተሩ ማሳ ሲበጠስ ደግሞ የባሰ ነገር ይታያል። ሞተሪኖው የሚስበው ከ100 አምፔር በላይ የሆነ ኤሌክትሪክ መመለሻ አጥቶ በነዳጅ መስጫው ቀጭን ሽቦ ይሄዳል፤ ሽቦው ይግላል፣ አንዳንዴም ይጨሳል። ባለቤቱ ግን እስከዚያ ድረስ ሁለተኛ ሞተሪኖ ገዝቶ ይሆናል።

አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ባረጁ መኪኖች ላይ የኤክሳይዝ ታክሱን ካከበደ ወዲህ፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ የነዳጅ መኪና ማስገባት ከተከለከለ ወዲህ፣ ያለውን አሮጌ መኪና መንከባከብ ግድ ሆኗል። ስለዚህ አንድ በጣም የተስፋፋ ልማድ ያናድደኛል፦ ሞተሩ እየሠራ የባትሪውን ገመድ መንቀል። «ካልጠፋ ዲናሞው ደህና ነው» ይላሉ። ልማዱ የተወረሰው ከእውነተኛው ዲናሞ ዘመን፣ መኪና ውስጥ የሚቃጠል ስስ ዕቃ ካልነበረበት ጊዜ ነው። ዛሬ ዲናሞ የምንለው አልተርኔተር ነው። እየሞላ ሳለ ባትሪው ድንገት ከተነቀለበት ቮልቴጁ ለቅጽበት አሥር እጥፍ ሊጠጋ ይችላል፤ ዳዮዶቹን፣ ሬዲዮኑን፣ ኮምፒውተር ካለውም እሱን ያቃጥላል። ጤነኛ የነበረው ዲናሞ በምርመራው ይሞታል።

ፊውዝ ደጋግሞ ሲቃጠል በሲጋራ ብር ወረቀት መጠቅለልን በተመለከተ ብዙ አልልም። የ15 አምፔር ፊውዝ የተቀመጠው ገመዱ እንዳይቃጠል ነው፤ እሱን ካፈናችሁት የሚቃጠለው ገመዱ ነው።

ለምርመራ አንድ ርካሽ ቴስተር ይበቃል። መኪናው ቆሞ ካደረ በኋላ ጤነኛ ባትሪ 12.6 ቮልት ገደማ ያሳያል፤ 12.2 ከሆነ ግማሹ አልቋል። ሞተሩ ሲሠራ ከ13.8 እስከ 14.4 ካሳየ ዲናሞው እየሞላ ነው፤ ገመድ መንቀል አያስፈልግም። ለማሳ ደግሞ የቴስተሩን አንዱን ጫፍ በባትሪው ኔጌቲቭ፣ ሌላውን በሞተሩ ብረት ላይ አድርጋችሁ ሌላ ሰው ቁልፉን ያዙር። ሞተሪኖው ሲዞር ከ0.5 ቮልት በላይ ካሳየ የባትሪ መግዣውን ገንዘብ ኪሳችሁ መልሱት፤ የሚያስፈልገው ቁጥር 10 ቁልፍና ብርጭቆ ወረቀት ነው።