ደራሲው ሀዲስ፣ ማጣቀሻው ዓለማየሁ

ሀዲስ ዓለማየሁ በልጅነታቸው የቤተ ክህነት ትምህርት ከተማሩባቸው የጎጃም አድባራት አንዱ ደብረ ወርቅ ነው። የአገሩ ሰው ስለ እሳቸው ሲያወራ «ሀዲስ» ይላል እንጂ «ዓለማየሁ» አይልም፤ ዓለማየሁ አባታቸው ናቸውና። «ፍቅር እስከ መቃብር»ን የጠቀሰ በእንግሊዝኛ የተጻፈ የመመረቂያ ጽሑፍ ሲገለጥ ግን መጽሐፉ የሚገኘው አብዛኛውን ጊዜ በአባትየው ስም ሥር ነው። «ሀዲስ» አንድ ፊደልና አንድ ነጥብ ሆኖ ከኋላ ይቀራል። ይህን ያህል አንባቢ ያለው ደራሲ እንዲህ ከሆነ፣ ገና ስሙን በመትከል ላይ ያለ ወጣት ተመራማሪ ምን እንደሚደርስበት መገመት አያዳግትም።

ኤፒኤን የመሳሰሉት በዩኒቨርሲቲዎቻችን የሚሠራባቸው የማጣቀሻ ሥርዓቶች የተቀረጹት አያት፣ አባትና ልጅ በአንድ የቤተሰብ ስም ለሚጠሩበት አገር ነው። እኛ ዘንድ ሰው የሚታወቀው በራሱ ስም ነው፤ የአባቱና የአያቱ ስም ይከተላል። ይህን በሕግ ለመለወጥ ተሞክሯል። ፈረንሳዊው ሬኔ ዳቪድ ያረቀቁት የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 32 ማንኛውም ሰው የቤተሰብ ስም እንዲኖረው፣ በአስተዳደር ጽሑፎችም ላይ ያ ስም እንዲቀድም ደንግጎ ነበር። ሕዝቡ በአባቱ ልማድ ቀጠለ፤ ድንጋጌውም ወረቀት ላይ ቀረ። ሕግ ያልቻለውን ግን «የቤተሰብ ስም» የሚለው ሣጥን ካልተሞላ አላሳልፍም የሚል የኮምፒውተር ቅጽ ቻለው።

ጉዳቱ የክብር ብቻ አይደለም። ባሕሩ ዘውዴ በጎግል ስኮላር ላይ «ቢ ዘውዴ»፣ ጌታቸው ኃይሌ ደግሞ «ጂ ኃይሌ» ሆነው ይወጣሉ። ኃይሌ የሚባል አባት ያለው ምሁር ስንት ነው? ዝምድና የሌላቸው ሰዎች አንድ ቤተሰብ ይመስላሉ። አንዱ ጸሐፊ ደግሞ በአንድ መጽሔት በራሱ ስም፣ በሌላው በአባቱ ስም ሲጠቀስ ሥራው ለሁለት ይከፈላል። በዚህ ላይ በላቲን ፊደል ያለው ዝብርቅርቅ ሲጨመርበት ፍለጋው ይብሳል። ደብረ ወርቅ ራሷ «ወርቅ» የሚለው በአንድ ጥናት በ«ኢ»፣ በሌላው በ«ኦ»፣ በሦስተኛው በ«ኤ» ስለሚጻፍ፣ አንዱን የፈለገ ሌሎቹን ሳያያቸው ያልፋል።

መፍትሔው አዲስ ግኝት አይፈልግም። እ.ኤ.አ. በ1963 የተመሠረተው የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ኢትዮጵያውያንን በራሳቸው ስም መዘርዘሩን ያውቅበታል። በሐምቡርግ ተዘጋጅቶ ከ2003 እስከ 2014 እ.ኤ.አ. በአምስት ቅጽ የታተመው ኢንሳይክሎፒዲያ ኤቲዮፒካም እንዲሁ ያደርጋል። አይስላንዳውያን በአባት ስም የሚጠሩ ሕዝብ ናቸው፤ የስልክ ማውጫቸው ሳይቀር የሚደረደረው በራስ ስም ነበር። ዞቴሮ የተባለው የማጣቀሻ ፕሮግራም ስምን ሳይከፍል በአንድ መስመር የሚቀበልበት አማራጭ አለው። እንግዲህ የጀርመን አዘጋጆች ያከበሩትን ሥርዓት የእኛ አማካሪ ተማሪውን «አስተካክል» እያለ የሚያስፈርሰው ለምንድን ነው? ይህ እኔን ከልብ ያሳዝነኛል።

የዓመቱ ነገርም አለ። «ፍቅር እስከ መቃብር» የታተመው በ1958 ዓ.ም. ነው። ተማሪው «ዓ.ም.» የሚለውን ትቶ በእንግሊዝኛ ጽሑፉ ውስጥ 1958 ብቻ ካለ፣ የውጭው አንባቢ መጽሐፉን ሰባት ስምንት ዓመት ያስረጀዋል።

ከሁሉ የሚከብደው የብራናው ጉዳይ ነው። ደብረ ወርቅ ማርያም፣ ዲማ ጊዮርጊስና መርጡለ ማርያም ያሉበት የምሥራቅ ጎጃም ምድር ታሪኩ የተጻፈው በብራና ነው፤ የርስትና የጉልት ስጦታ በወንጌሉ ባዶ ቅጠልና በኅዳጉ ላይ ይሰፍራል። ዶናልድ ክራሚ በ2000 እ.ኤ.አ. ስለ ኢትዮጵያ መሬትና ኅብረተሰብ ያሳተሙት መጽሐፍ በእንዲህ ያሉ የአብያተ ክርስቲያናት ሰነዶች ላይ የቆመ ነው። እንዲህ ያለውን ምንጭ «የገዳሙ ብራና» ብሎ ማለፍ አንባቢን ዕቃ ቤቱ በር ላይ ትቶ መሄድ ነው። የየትኛው መጽሐፍ፣ ስንተኛው ቅጠል፣ ፊቱ ነው ጀርባው? መቼ ታየ? ያሳየውስ ማን ነው?

በ1973 እ.ኤ.አ. የተጀመረው የኢትዮጵያ ብራናዎች ማይክሮፊልም ሥራ ከ9,000 በላይ መጻሕፍትን አንሥቶ ለእያንዳንዱ ቁጥር ሰጥቷል። ጌታቸው ኃይሌ በሚኒሶታ ተቀምጠው ለብዙ ዓመታት ካታሎጉን ሠሩ። ዛሬ ከፊልሞቹ ብዙው በኢንተርኔት ይነበባል። ተማሪው ግን ቁጥሩን ብቻ ሲጽፍ መጽሐፉ የሚኒሶታ ይመስላል፤ ባለቤቱ ገዳም ይጠፋል። ቁጥሩም ገዳሙም አብረው መጻፍ አለባቸው። የአለቃ ተክለ ኢየሱስ ዋቅጅራ የጎጃም ታሪክም ተመሳሳይ ጥንቃቄ ይሻል። በእጅ ጽሑፍ ሲጠቀስ ኖሮ ሥርግው ገላው በ2002 ዓ.ም. አሳተሙት፤ ግርማ ጌታሁን ደግሞ በ2014 እ.ኤ.አ. ወደ እንግሊዝኛ መለሱት። «ተክለ ኢየሱስ እንዲህ ይላሉ» ያለ ሰው ከሦስቱ የትኛውን እንዳነበበ ካልነገረን ቃሉን ልናገኘው አንችልም።

በአብነት ትምህርት ቤት ይህ ጥያቄ እንግዳ አይደለም። ተማሪ ትርጓሜ ሲናገር የላይ ቤት ነው ወይስ የታች ቤት፣ ከየትኛው መምህር ሰማኸው ይባላል፤ ምንጩን ሳይናገር አያልፍም። ዘመናዊው ተማሪ ከዚህ ጓሮ ወጥቶ ምንጭ መጥቀስን እንደ ባዕድ ደንብ መሸምደዱ ያስቆጫል።

የኢንተርኔት ምንጭ ደግሞ ቆሞ አይጠብቅም። በ2014 እ.ኤ.አ. የሐርቫርድ ተመራማሪዎች በአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ውሳኔዎች ውስጥ ከተጠቀሱት የድረ ገጽ አድራሻዎች ግማሹ ወደ ተጠቀሰው ጽሑፍ እንደማያደርስ አሳይተዋል። በአማራ ክልል ደግሞ ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለረጅም ጊዜ ሲቋረጥ፣ አድራሻው ደህና ቢሆን እንኳ የሚከፍተው አልነበረም። ስለዚህ ያዩበትን ቀን መጻፍ፣ ገጹን በኢንተርኔት አርካይቭ ማስቀመጥና ቅጂውን አትሞ ማኖር ያስፈልጋል።

ደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ ለእነዚህ አድባራት ቅርብ ነው። ስለ ደብረ ወርቅ የተሠራ እያንዳንዱ ጥናት በወረቀት ታትሞ አንድ ቅጂ ለገዳሙ ይሰጥ ዘንድ ቢያዝ ወጪው ትንሽ ነው። ጥናቱ «የደብረ ወርቅ መጽሐፍ እንዲህ ይላል» ሲል፣ መጽሐፉን ከዕቃ ቤት አውጥቶ ቅጠሉን ገልጦ «አይልም» ለማለት የሚችሉት እዚያ ያሉት አባቶች ናቸው።